እንቁላሏን ያገኘናት እንዲህ ነው

ነገሩ የጀመረው በዝናብ ነው፤ እናንተም ዝናብ የምታውቁ ሰዎች ናችሁና ብዙ አላስረዳም። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ የወንድሜ ልጅ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን፣ አማቱን እማማን፣ እኔንም ሽማግሌውን በአንዲት ቶዮታ ሲየና ጭኖ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ተነሣና ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች ወሰደን፤ ከዚያም ቢግ ሜዶውስ በሚባለው የካምፕ ሜዳ ሁለት ድንኳን ተተከለ፣ ከዚያም ልጆቹ አጋዘን አየን እያሉ ሲሯሯጡ ዋሉ፣ ከዚያም ቡና ተፈልቶ፣ እማማ ዳዊታቸውን ደግመው ሁላችንም ጋደም አልን። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ውኃው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም መጣ። የእማማ ፍራሽ ተንሳፈፈ ብላችሁ አጋነንክ ትሉኛላችሁ፤ ነጠላቸው ሲጨመቅ ግን ውኃው ሲንዠቀዠቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

እማማ የቀረውን ሌሊት መኪናው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አነጉት። አንድም ቃል አልወጣቸውም። ሲነጋ፣ ከሰሉ ርሶ አልያያዝ ሲል ብቻ፣ እጃቸውን ወደ ምድጃው እንደዘረጉ፣ "እኛ አገር ድንኳን ውስጥ የሚያድረው ታቦት ነው፤ ያውም በጥምቀት" አሉ።

የወንድሜ ልጅ ይህን እንደ ፍርድ ሰማው። ቤት እንደገባን ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ተሳቢ ቤት እገዛለሁ ብሎ ተነሣ፤ ቀለል ያለች፣ ይህችው መኪናችን የምትስባት፣ እማማን ከመሬት የምታነሣ።

እዚህ ላይ ስለራሴ ጥቂት ልበል፤ ኋላ ስለምታፍሩልኝ አስቀድማችሁ እወቁኝ። እኔ በወጣትነቴ የአሰብን መንገድ አሥራ አንድ ዓመት ተመላልሼበታለሁ። በፊያት፣ ያ ሁላችሁም "ኤንትሬ" የምትሉት መኪና፣ ተሳቢ አስከትዬ፣ ከወደቡ ጭኜ፣ የሚሌን ሐሩር አቋርጬ፣ በባቲና በኮምቦልቻ አድርጌ፣ ጣርማ በርን ወጥቼ አዲስ አበባ እገባ ነበር። ስለዚህ በዘመዶቼ መካከል ተሳቢ የሚል ቃል ሲነሣ እኔ ሳልጠየቅም እመልሳለሁ። የወንድሜም ልጅ "ጋሼ፣ እርስዎ ካሉበት አልሳሳትም" አለኝ፤ እኔም አመንኩት።

ከዚያ በአንድ ቅዳሜ ወደ አንድ መሸጫ ሄድን። ሜዳው ሙሉ ተሳቢ ነው። ልጁ መጀመሪያ ዓይኑ የገባችው ያች እንደ መስታወት የምታበራው፣ አሉሚኒየም ለብሳ በብሎን የተሰፋች የምትመስለው ኤርስትሪም ነበረች። አልፈርድበትም፤ እኔም አንድ ጊዜ ዞሬ አይቻታለሁ። ይህችን የሠራው ሰው፣ ዋሊ ባያም፣ በፈረንጆች 1959 ዓ.ም. አርባ አንድ ተሳቢዎች አሰልፎ፣ አፍሪካን ከግርጌ እስከ ራስጌ ሊያቋርጥ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ተነሥቶ ነበር፤ በጭቃና በአሸዋ እየተጎተተ በአገራችንም አለፈ፣ ጃንሆይም ተጓዦቹን ተቀብለዋቸዋል። ይህን ለልጁ ስነግረው ልቡ የባሰ ቀለጠ፤ ከዚያ መስኮቷ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ አነበበና ሁለታችንም ዝም ብለን ወደሚቀጥለው ረድፍ አለፍን።

በሚቀጥለው ረድፍ የልጆቹ ወጥመድ ቆሞ ነበር፤ ከኋላዋ ተደራራቢ አልጋ ያላት፣ ምድጃ ያላት፣ ገላ መታጠቢያ ያላት፣ ሙሉ ቤት የሆነች ተሳቢ። ትንሿ ልጅ ላይኛው አልጋ ላይ ወጥታ አልወርድም አለች። ሻጩ ሸጋ ሰው ነው፣ ውኃ ሰጠን፣ እማማን በክንዳቸው ደግፎ ደረጃውን አወጣቸው፤ ከዚያም "መኪናችሁ 3,500 ፓውንድ ትስባለች፣ ይህች 3,380 ናት፣ ምን ቀራችሁ?" አለ። ሒሳቡ ልክ ይመስላል፣ አይደል? የወንድሜ ልጅ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ይኸውላችሁ፣ የአሰብ ሾፌር የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር ባዶ መኪና መንገድ እንደማይወጣ ነው። 3,500 ፓውንድ ማለት በእኛ አሥራ ስድስት ኩንታል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ያ 3,380 ደግሞ ተሳቢዋ ከፋብሪካ ስትወጣ፣ ሰሃን ሳይገባባት፣ ብርድ ልብስ ሳይነጠፍባት የተመዘነችው ነው። እኔም ጎኗ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ፈልጌ አነበብኩ፤ ተጭና የምትደርስበት የመጨረሻ ክብደት 4,400 ይላል። ከዚያም ለልጁ በጣቴ ቆጠርኩለት፤ የተለመደው የጋዝ ሲሊንደር ሲሞላ 37 ፓውንድ ይሆናል፣ ባትሪው አለ፣ ውኃ በጋሎን ከ8 ፓውንድ ይበልጣል፣ ሠላሳ ጋሎን ብትሞላ 250 ነው፤ ከዚያ እንጀራው፣ ዶሮው፣ ጀበናው፣ የእማማ በርጩማ። እጁን ከኪሱ አወጣ። ትንሿ እያለቀሰች ወረደች፣ ሻጩም ጨዋ ስለነበር አልተቆጣም።

ቤት ስንመለስ መኪናዋን ግቢ አቁመን የሾፌሩን በር ከፈትን። በሩ የሚገጥምበት ምሰሶ ላይ አንዲት ወረቀት አለች፤ በሁላችሁም መኪና ላይ አለች፣ ማን እንደሚያነባት እንጃ። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከዚህ በላይ እንዳይጫን ትላለች። የእኛይቱ 1,240 ፓውንድ ብላለች። ከዚያም የመታጠቢያ ቤቱ ሚዛን ሳሎን ወጣና አንድ በአንድ ወጣንበት። እማማ "ነጠላዬንም ትቆጥሩታላችሁ?" ብለው አወለቁት። የልጁ ሚስት ቁጥሯን ጮክ ብላ አልናገርም አለችና በወረቀት ጽፋ አጥፋ ሰጠችን። ሰባታችን 860 ፓውንድ ሆንን። ታዲያ ተሳቢ ሲቀጠል አፍንጫዋ መኪናው ኳስ ላይ ያርፋል፣ ያም ክብደት የመኪናዋ ሸክም ነው፤ ጤነኛ ተሳቢ ከነጭነቷ ከምትመዝነው ከመቶ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት እጅ አፍንጫዋ ላይ ታሳርፋለች። ሻጩ ያሳየን ያች ባለ ሙሉ ቤት ተጭና ብትሆን ከ400 ፓውንድ በላይ ኳሱ ላይ ትጥል ነበር። ሰባት ሰው እና እሷ አንድ ላይ አይሆንም፤ መኪናዋ ገና ከበሩ ሳትወጣ ከልክ አልፋለች።

ስለዚህ ፍለጋው ተገለበጠ። ከበሩ ወረቀት ተነሥተን ወደ ኋላ ቆጠርን፤ ተጭና ከ2,500 የማትበልጥ ተሳቢ ትፈለግ ተባለ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ምሽት ምሽት ፎቶ ሲታይ ከረመ። በቅርጿ የእንባ ጠብታ የሚሏት አለች፤ ቆንጆ ናት፣ ከኋላዋ ክዳኗ ሲነሣ ማድ ቤት ይሆናል፣ ግን ባልና ሚስት ተኝተው ሌላ አይጨመርባትም። ታጣፊዋም አለች፤ በመንገድ ላይ ጣሪያዋ ዝቅ ብሎ ነፋስ አትጋፋም፣ ስትዘረጋ ግን ግራና ቀኝ አልጋ አውጥታ ሰባታችንንም ትውጣለች። ልጁ ይህችን ወዷት ነበር። እውነቱን ለመናገር በክብደትና በቦታ ከሆነ እሷን የሚያህል የለም። እማማ ፎቶውን አቅርበው አዩትና ግድግዳውን በጣታቸው ነኩ። "ይህ ሸራ ነው?" "አዎ እማማ።" "እንግዲህ ድንኳን ነው፤ ጎማ ያለው ድንኳን" አሉና ስልኩን መለሱ። ሸራው ከረጠበ ቤት ደርሶ እንደገና ተዘርግቶ ካልደረቀ ይሻግታል፤ እኛ ደግሞ የምንኖርበት ሰፈር ማኅበር ተሳቢ በር ላይ ማቆምን ይከለክላል፤ የት ይዘረጋል?

ነገሩን የፈታችው ግን የልጁ ሚስት ናት። አንድ ማታ ሰሃን እያጠበች፣ ፊቷን እንኳ ሳትመልስ፣ "ለመሆኑ ሰባታችንም ውስጥ ማደር አለብን ያለው ማነው?" አለች። ዝም አልን። እውነቷን ነው። ዝናቡ ያስከፋው እማማንና ትንንሾቹን ነው። እኔ ዳናክል በረሃ መኪና ሥር ያደርኩ ሰው ነኝ፤ ለእኔ ድንኳን ቤተ መንግሥት ነው። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጅ ደግሞ ከእናቱ ጋር አንድ ክፍል ከሚያድር ድብ ቢበላው ይመርጣል። አራት ሰው የምታሳድር ጠንካራ ግድግዳ ያላት ትበቃናለች ተባለ፣ ሌሊቱም እዚያ ላይ አለቀ።

አራት ሰው፣ ጠንካራ ግድግዳ፣ ከ2,500 በታች ስትሉ መልሱ እንቁላሎቹ ናቸው። እንቁላል የምላቸው በፋይበርግላስ የተሠሩትን ነው፤ ሁለት ቅርፊት፣ የላይና የታች፣ ወገባቸው ላይ ተገጥመው፣ እንደ እንጨቱ ተሳቢ በየማዕዘኑ ውኃ የሚገባበት ስፌት የላቸውም። የዘር ሐረጋቸው ያስቃል። በ1968 ዊኒፔግ፣ ካናዳ ውስጥ ሬይ ኦሌኮ የሚባል ሰው ቀደም ሲል ቀላል የፋይበርግላስ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ሠርቶ ነበርና፣ ይህ ለሽንት ቤት ከሆነ ለመኝታ ለምን አይሆንም ብሎ ቦለር የተባለችውን ትንሽ ተሳቢ አወጣ። ኋላ በሚኒሶታ ስካምፕ፣ በቴክሳስ ካሲታ ተከተሉ፤ ዛሬም ይሠራሉ። ይህን ታሪክ ለእማማ አልነገርኩም፤ እናንተም እንዳትነግሩብኝ።

አዲሷ ወረፋ አላት፣ አሮጌዋም ዋጋዋ ቶሎ አይወርድም። ቢሆንም ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሥራ ስድስት ጫማ ርዝመት ያላትን ይሸጣሉ ተባለና በመስከረም አንድ እሑድ፣ ጭጋጉ ገና ከበቆሎው ማሳ ላይ ሳይነሣ፣ ሁለታችን መንገድ ጀመርን። ደጃፋቸው ስንደርስ ተሳቢዋ ዛፍ ሥር ቆማለች። ልጁ መብራቷን ያያል፣ እኔ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። አሮጌ ተሳቢ የሚታየው በእግር ነው፤ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር በተረከዝ ትጫኑታላችሁ፣ የሚረግብ ቦታ ካለ ውኃ በልቶታል። ከዚያ የቁም ሣጥኑን ከፍቶ ማሽተት ነው። ከዚያ ጣሪያው ላይ ያለችውን መስኮት ዙሪያዋን በጣት መዳሰስ። ወለሉ አልረገበም፣ ሽታው የአሮጌ ልብስ እንጂ የሻጋታ አልነበረም። ጎማው ግን ጥርሱ አዲስ ሆኖ ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር በ3214 ያበቃል፤ በ2014 በሠላሳ ሁለተኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጎማ ቆሞም ያረጃል፤ በዚህ ጎማ ሩቅ አልሄድም አልኩ። ሰውዬው አልተከራከሩም፤ የሁለቱን ጎማ ዋጋ ቀነሱልን። ገንዘቡን ሲቀበሉ ተመልሰው ገቡና ከቁም ሣጥኑ አንዲት ሰማያዊ ማንቆርቆሪያ አውጥተው ያዟት፤ የባለቤታቸው እንደነበረች፣ እሳቸውም ከዚህ ወዲህ ብቻቸውን እንደማይጓዙ ነገሩን። ጥቂት አገላብጠው አዩዋትና መልሰው ቦታዋ አስቀመጧት። "ከቤቱ ጋር ናት" አሉ።

መኪናችን መንጠቆው ከነመብራት ሽቦው ቀድሞ ተገጥሞላት ነበር። እኔ ደግሞ የተሳቢዋን ፍሬን ከሾፌሩ ወንበር የሚያዘው መሣሪያ ካልገባ አልሄድም አልኩ። ብዙ ግዛቶች ፍሬን የሚያስገድዱት 3,000 ፓውንድ አካባቢ ሲደርስ ነው፣ እኛ ከዚያ በታች ነን፤ ይሁን እንጂ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ተሳቢ መኪናን ከኋላ ሲገፋ ያየ ሰው ሕግ እስኪያስገድደው አይጠብቅም።

እንግዲህ ወደ ውርደቴ ደረስን። በጥቅምት፣ ቅጠሉ ቀይና ቢጫ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ልንወጣ ተነሣን፤ ጫኙ እኔ ነኝ። እንጀራና ወጥ የያዙትን ሁለት የበረዶ ሣጥኖች፣ ከሰሉን፣ የውኃ ጀሪካኖቹን፣ ስንደርስ በቀላሉ ይወጣሉ ብዬ በሙሉ ከኋለኛው ጫፍ ደረደርኳቸው። ከዚያም በ66 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ስንጓዝ፣ ቁልቁለት ላይ ፍጥነታችን 60 ማይል ሲያልፍ፣ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሽው ብሎ አለፈንና እንቁላሏ ጭራዋን ትቆላ ጀመር። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፤ በየዙሩ እየባሰች። "ፍሬን እንዳትረግጥ!" አልኩት፤ "እግርህን ከነዳጁ ብቻ አንሣ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ!" የተሳቢዋን ፍሬን ብቻ በእጁ ነካ አደረገ፤ ቀስ በቀስ ረጋች። በመጀመሪያው መውጫ ወጥተን አንድ ማደያ ውስጥ ቆምን። ልጁ እጁ መሪው ላይ ደርቆ ቀርቷል።

እማማ ወርደው የተሳቢዋን በር አስከፈቱ። የመንዝ ሰው ናቸው፤ አባታቸው ገብስ በበቅሎ ጭነው ደብረ ብርሃን ገበያ ሲወርዱ መጫኛውን የምታቀብል ልጅ እሳቸው ነበሩ። የደረደርኩትን አዩ፣ ከዚያም እኔን አዩ። እኔ ሰባ ዓመቴ ነው። "አንተ ልጅ፣" አሉኝ፣ "ዳሌዋ ላይ ጭነህባት ምን ታድርግ? ወደ ትከሻዋ ሳበው እንጂ።" አሥራ አንድ ዓመት የአሰብ መንገድ፣ እዚያ ማደያው ውስጥ፣ በልጆቹ ፊት አለቀ። ዕቃውን ሁሉ አውርደን ከባድ ከባዱን ከጎማው ወደ ፊት አመጣነው፣ ጀሪካኖቹንም ካምፑ ውኃ ስላለው አፈሰስናቸው፤ ከዚያም ከ55 ሳናልፍ ፍሮንት ሮያል ድረስ እንደ ጥላችን ተከተለችን።

ስካይላይን ድራይቭ ላይ ፍጥነት 35 ማይል ነው፤ ያ መንገድ ለሽማግሌ ነው የተሠራው። ሜሪስ ሮክ ከሚሉት ዋሻ ስንደርስ ልጁ ቁመታችን ያሳልፈናል ወይ ብሎ ፈራ፤ ዋሻው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው፣ እንቁላሏ ደግሞ 8 እንኳ አትሞላም። እማማ በጨለማው ውስጥ "ጣርማ በር!" አሉ። እኔም ያንን የአገራችንን ዋሻ ሳስብ ነበር።

ቢግ ሜዶውስ ላይ ለተሳቢ የሚሰካ ኤሌክትሪክ የለም፣ ጨለማው ጨለማ ነው። ቡናው ውጭ ተቆላ፣ ውጭ ተፈላ፤ ከሰል ወደ ውስጥ አይገባም ብለው እማማ ራሳቸው ደነገጉ፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ስንቱን ቤተሰብ በእንቅልፉ እንዳስቀረ ለእናንተ አልነግርም። ምግቡ ድብ እንዳያሸተው መኪናው ውስጥ ተቆለፈበት። ከዚያ ሴቶቹና ትንንሾቹ ገቡ፣ እኛ ሦስቱ ድንኳናችን ገባን፤ ሌሊትም እንደ ቀጠሮ ዘነበ። እኔ እግሬ ረጠበ። ጠዋት የተሳቢዋ በር ተከፈተና እማማ ደረቅ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ ያችን ሰማያዊ ማንቆርቆሪያ ይዘው ውኃ ሊቀዱ ሄዱ። ስለ ሌሊቱ የጠየቃቸው የለም፣ የተናገሩትም የለም።

የወንድሜ ልጅ ግን የቁጥር ሰው ስለሆነ ቤት ስንመለስ አላረፈም። አፍንጫዋን በጣውላ አስደግፎ ያንኑ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ከሥሯ አስገባና ዕቃውን መጀመሪያ እኔ እንደጫንኩት ጫነ፤ 150 ፓውንድ። ከዚያ እማማ እንዳሉት ጫነ፤ 285። ተሳቢዋ ከነሸክሟ 2,480 ናት፤ ከመቶ ስንት እንደሚሆን እናንተው አስሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሚዛን ወደ መታጠቢያ ቤት አልተመለሰም። ተሳቢዋን በምናሳድርበት የኪራይ ሜዳ ላይ፣ ከጀበናው ሣጥን ሥር ተቀምጧል፤ ከየጉዞው በፊትም ጫኙ እኔ፣ አስመዛኟ እማማ ናቸው።